የነገው ጉዳት በዛሬ ገንዘብ ሲመዘን

ስለ አየር ጠባይ መለወጥ ሲነገር ብዙዎቻችን የምናስበው ሙቀትን፥ የዝናብን መዛባትና የደንን መመንጠር ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የገንዘብም ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ወደፊት የሚመጣውን ጉዳት ለመከላከል ዛሬ ምን ያህል ማውጣት ይገባል የሚለው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የእንግሊዛዊውን የኤኮኖሚ ሊቅ የሎርድ ኒኮላስ ስተርንን የምርምር ጉዞ ተከትለን የክርክሩን ፍሬ ነገር ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስተርን በ1946 ተወለዱ። በኬምብሪጅ ሒሳብ ተምረው፥ በኦክስፎርድ በኤኮኖሚክስ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶቻቸው አንዱ በኬንያ ጥቂት መሬት ያላቸው ገበሬዎች ስለሚያለሙት ሻይ ነበረ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በሰሜን ሕንድ ፓላንፑር በምትባል መንደር የገበሬውን ኑሮ አጠኑ፤ ወደዚችው መንደር ጥናትም በየጊዜው ተመልሰዋል። ከ2000 እስከ 2003 የዓለም ባንክ ዋና የኤኮኖሚ ሊቅ ሆነው ሠሩ። እንግዲህ ወደ አየር ጠባይ ጥናት የገቡት ድኅነትን ለብዙ ዘመን ከመረመሩ በኋላ ነው።

በ2005 የእንግሊዝ መንግሥት ስለዚሁ ጉዳይ ጥናት እንዲያቀርቡ ጠየቃቸው። በጥቅምት 2006 የወጣው ሰፊ ሪፖርት ዋና ሐሳቡ ይህ ነው፤ ዓለም ጉዳቱን ለመከላከል በየዓመቱ ከጠቅላላ ምርቱ ከመቶ 1 ያህል ቢያወጣ ይበቃዋል፤ ዝም ቢል ግን የሚደርስበት ኪሳራ ከመቶ 5 እስከ ከመቶ 20 ሊደርስ ይችላል። ስተርን በ2008 የመከላከያውን ወጪ ግምት ወደ ከመቶ 2 ከፍ አደረጉት።

ብርቱ ክርክር የተነሣው በወለዱ ቁጥር ላይ ነው። የነገ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ በወለድ ልክ ይቀነሳል። ከ100 ዓመት በኋላ የ1000 ብር ጉዳት ይደርሳል እንበል። ቅናሹ በዓመት ከመቶ 5 ቢሆን፥ ያ ጉዳት ዛሬ 7 ብር ከ60 ሳንቲም ያህል ብቻ ይመዝናል። ስተርን እንዳደረጉት ከመቶ 1.4 ቢሆን ግን 249 ብር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ጉዳቱ ያው ሆኖ ሳለ፥ የአንድ ቁጥር መለወጥ ፍርዱን ይለውጠዋል።

ስተርን ቁጥሩን ዝቅ ያደረጉበት ምክንያት አላቸው። የኋለኞቹ ሰዎች ከእኛ ይልቅ ይበለጽጋሉ ተብሎ ስለሚታሰብ ጥቂት ቅናሽ ይገባል፤ ዘግይቶ በመወለዱ ብቻ ግን የአንድ ሰው ደኅንነት ሊያንስ አይገባውም ይላሉ። በየል ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩትና በ2018 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት ዊልያም ኖርድሃውስ ግን በ2007 ይህን ተቃወሙ። ቁጥሩ ሰዎች በገበያ ላይ ከሚያሳዩት የቁጠባና የወለድ ልማድ ጋር ሊስማማ ይገባዋል አሉ። እሳቸውም ቢሆኑ ጉዳቱን አልካዱም፤ በጭሱ ላይ በመጠኑ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚያድግ ቀረጥ እንዲጣል መክረዋል።

ይህ ነገር ከአገራችን የራቀ አይደለም። በ2009 በኮፐንሃገን የበለጸጉት አገሮች እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለታዳጊ አገሮች ለማስገኘት ተስፋ ሰጡ። ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝ በ2010 ያጠናውን የተባበሩት መንግሥታት የአማካሪዎች ጉባኤ የመሩት የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የንስ ስቶልተንበርግ ሲሆኑ፥ ስተርን ከአባላቱ አንዱ ነበሩ። ጉባኤው ነገሩ አስቸጋሪ ቢሆንም የሚቻል ነው አለ። ሆኖም ባለጸጎቹ አገሮች በራሳቸው የኤኮኖሚ ድርጅት ቆጠራ እንኳ ልኩ የተሟላው ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ2022 ነው።

በእኛ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ የቅናሹ ቁጥር በሒሳብ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን የፍትሕ ፍርድ ያለበት መሆኑ ነው። ዝናብ ጠብቆ ለሚያርስ ገበሬና ለልጅ ልጁ ከመቶ 1.4 እና ከመቶ 5 የክፍል ውስጥ ጨዋታ አይደሉም። ሁለተኛው፥ በዚህ የምርምር መስክ ለመሠማራት የሚያስብ ተማሪ ከሒሳቡ ጋር የመንደሩን ኑሮ ጠንቅቆ ማወቅ የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። ቁጥሩን የሚመርጥ ሰው፥ ቁጥሩ በማን ላይ እንደሚያርፍ ማወቅ አለበትና።