ራሱን የሚያርም ዳማ ተጫዋች፦ የአርተር ሳሙኤል ሥራ

ስለ አርተር ሳሙኤል የሚጻፈው ባብዛኛው አንድ ወሬ ነው፦ በ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዳማ የሚጫወተው የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ሮበርት ኒሊ የተባለውን አሜሪካዊ የዳማ ተጫዋች ረታ። ወሬው ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። በድጋሚው ግጥሚያ ያሸነፈው ኒሊ ነበር፤ በ1966 ደግሞ ፕሮግራሙ ከዓለም ምርጦች ከዋልተር ሄልማንና ከዴሪክ ኦልድበሪ ጋር ገጥሞ ተረታ። ከአንዲት ጨዋታ ተነሥተው «ኮምፒውተር ዳማን ያኔ ጨርሶታል» የሚሉ ጸሐፊዎች ትንሽ ቢያጣሩ ምን ነበረበት? የዳማው እንቆቅልሽ የተፈታው በ2007 በካናዳ፣ በጆናታን ሼፈር ቡድን ነው። ሳሙኤልን የሚያስከብረው ማሸነፉ ሳይሆን ማሽኑ የሚማርበት መንገድ ነው።

ሰውየው በ1901 ካንሳስ ተወለደ፤ ቤል ላቦራቶሪና ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሠርቶ በ1949 አይቢኤም ገባ። የፕሮግራሙ አሠራር ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። የጠጠሮቹን አቀማመጥ አይቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ የሚወጣው ከ38 መመዘኛዎች በተመረጡ 16ቱ ሲሆን እያንዳንዱ የየራሱ ክብደት አለው። ቀጥሎ ጥቂት እርምጃ ወደፊት አስቦ ያው አቀማመጥ ወዴት እንደሚያደርስ ያያል። የመጀመሪያው ግምትና ወደፊት አይቶ ያገኘው ነጥብ ካልተስማሙ፣ የተሳሳተው የመጀመሪያው ነው ብሎ ክብደቶቹን ያስተካክላል። ማንም «ይህ ትክክል ነው» አይለውም፤ የሚያርመው የገዛ ራሱ የወደፊት እይታ ነው። ልምምዱን የሚያደርገውም ከራሱ ጋር ነበር፦ አልፋ የተባለው ወገን በየእርምጃው ይለወጣል፣ ቤታ ባለበት ይጸናል፤ አልፋ ሲያሸንፍ ቤታ የአልፋን መመዘኛ ይወርሳል። ሳሙኤል በ1959 ባሳተመው ጥናት እንደገለጸው፣ ማሽኑ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት በሚሆን ጨዋታ ፕሮግራሙን ከጻፈው ሰው የተሻለ መጫወት ይችላል።

«መመዘኛዎቹን የመረጠው ሳሙኤል ራሱ ከሆነ ማሽኑ ምን ተማረ?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ሳሙኤልም ማሽኑ መመዘኛዎቹን በራሱ ቢፈጥር ምኞቱ እንደነበር ጽፏል። ሆኖም የትኛው መመዘኛ ምን ያህል እንደሚከብድ ሳሙኤል አላወቀም፤ እሱ የማያውቀውን ማሽኑ ካገኘው፣ ያንን ትምህርት ካላልነው ምን ልንለው ነው? በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጄራልድ ቴሳውሮ እዚያው አይቢኤም በሠራው የባክጋሞን ፕሮግራምም ያው ሐሳብ ይታያል፦ የዛሬ ግምት በነገ ግምት ይታረማል።

ሳሙኤል በ1966 ከአይቢኤም ወጥቶ ስታንፎርድ ገባ። በ1983፣ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ቴክ ለተባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የጀማሪዎች መመሪያ አዘጋጀ። በ1990 አረፈ። ስለ ማሽን ትምህርት ማንበብ የሚጀምር ሰው ከ1959ኙ ጥናት ቢጀምር አይጸጸትም።