ተደብቆ የሚመታ ፈሪ ነው እንዴ?

የዛሬው ጉዳያችን ፍቅር አይደለም፤ ትዳርም አይደለም። የስልክ ጌም ነው። «ጌም ደግሞ ምን ምክር ያስፈልገዋል?» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ። በዚሁ በጌም ምክንያት ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው የበሉ ሁለት ጓደኛሞች ከተኮራረፉ ይኸው ሁለተኛ ወራቸውን ይዘዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የ22 ዓመት ወጣት ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ይኖራል፤ ቀን ቀን መርካቶ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ከሰፈር ልጆች ጋር አምስት ሆነው «ሞባይል ሌጀንድስ» የሚባለውን ጌም ይጫወታሉ። እሱ የሚይዘው ሚያ የምትባለዋን ቀስተኛ ነው። ታዲያላችሁ አንድ ምሽት የልብ ጓደኛው በሦስት ተጋጣሚዎች ተከብቦ «ድረስልኝ!» እያለ ሲጮህ፣ እሱ ሆዬ ቁጥቋጦ ውስጥ እንዳደፈጠ ጸጥ አለ። ጓደኛው ሞተ (በጌሙ ነው ታዲያ!)፤ ጨዋታውንም ተበሉ። ወዲያው በልጆቹ ሁሉ ፊት «ፈሪ ለእናቱ!» የሚል ስድብ ወረደበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ የለም። ልጁ ጓደኛውን ላለማግኘት ሲል ድልድዩን ትቶ በሌላ መንገድ ዞሮ ወደ ሥራ ይሄዳል።

«ብወጣ ሁለታችንም እናልቅ ነበር» ይላል ልጁ። «ተደብቆ መምታት የቀስተኛዋ ተፈጥሮ ነው። ታዲያ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

እስቲ ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ቀስተኛው ከየት መጣ?

በጌም ዓለም «ሬንጀር» የሚባለው ዓይነት ተዋጊ የዛሬ ፍጥረት አይደለም። ስልክ ላይ ጌም ከመጫወታችን በፊት፣ በወረቀትና በዳይ የሚጫወቱት «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ፤ በ1975 ደግሞ ሬንጀርን ጨመረ። ጫካ የሚያውቅ፣ ዱካ የሚከተል፣ ለብቻው የሚንቀሳቀስ ሰው ማለት ነው። በ2004 «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» አዳኝ ብሎ አመጣው፤ በ2012 የወጣው «ጊልድ ዋርስ 2» ሬንጀር የሚለውን ስሙን እንደያዘ አስገባው። በ2013 በወጣው «ዶታ 2» ክሊንክዝ የሚባለው ባለ ቀስት ከዓይን ተሰውሮ ይሄዳል። በ2016 የመጣው «ሞባይል ሌጀንድስ» ደግሞ ሚያን ሰጠን።

ጌም ሠሪዎቹ ግን ሞኝ አይደሉም! በአንድ እጃቸው የሰጡትን በሌላው ቆንጠር ያደርጋሉ። ሚያ ከሩቅ ስትመታ ታቃጥላለች፤ ሥጋዋ ግን ስስ ነው፤ ደህና ተዋጊ አጠገቧ ከደረሰ አለቀላት። የመሰወር ችሎታዋም ለአጭር ጊዜ ነው፤ ቀስት እንደለቀቀች ትታያለች። በዶታም ቢሆን ተጋጣሚ የተሰወረን የሚያጋልጥ ዱቄትና መጠበቂያ ገዝቶ ይጠብቃችኋል። እንግዲህ መደበቅ ማጭበርበር አይደለም። በሕጉ የተፈቀደ፣ ዋጋም የሚያስከፍል ሙያ ነው። ማጭበርበር ማለት በግድግዳ አሳልፎ የሚያሳይ ፕሮግራም ስልክ ላይ መጫን ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ደፈጣ የሚሰምረው መቼ ነው?

ይሄን ሙያ ለያዛችሁ ልጆች ጥቂት ነገር ልበላችሁ።

አንደኛ፣ ቀድማችሁ አትግቡ። ወፍራሙ፣ ማለትም «ታንክ» የሚባለው፣ ይቅደም። ተጋጣሚዎች ኃይላቸውን እሱ ላይ ይጨርሱ። እናንተ ቁጠሩ፦ የሚያደነዝዘው ወጣ? የሚጎትተው ወጣ? ወጣ ካላችሁ ያን ጊዜ ተራው የእናንተ ነው።

ሁለተኛ፣ መሰወሪያችሁን መግቢያ ላይ አትጨርሱ። ፋራ ተሰውሮ ይገባና መውጫ ያጣል። አራዳው ግን መውጫውን አስቦ ነው የሚገባው። የሚያ መሰወር የተጣለባትን ማዘግየት ሁሉ ያራግፍላታል፤ ስለዚህ ለማምለጫ ከሱ የተሻለ የላትም።

ሦስተኛ፣ አንድ ቦታ አትተከሉ። ቁጥቋጦ የገባን ሰው ከውጭ ያለ ጠላት አያየውም፤ ግን ሁለት ጊዜ ከዚያው ቁጥቋጦ የመታ ሰው ሦስተኛ እዚያው ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የስልኩ «ፐብጂ» ላይም ያው ነው። መቶ ሰው በሚወርድበት ሜዳ ድምፅ መቀነሻ ገጥሞ ከሣር ውስጥ የሚተኩስ ልጅ፣ ተኩሶ ቦታ ካልቀየረ ይለቀማል። ደግሞም ክቡ እየጠበበ ይመጣል! ዘላለም የሚደበቁበት ጨዋታ የለም።

አራተኛውና ዋነኛው፣ ተናገሩ። መደበቅ ከጠላት ነው እንጂ ከወገን አይደለም።

ፍርዱስ?

አሁን ወደ ልጃችን እንመለስ። ዘሎ አለመግባቱ ትክክል ነው፤ ስስ ሥጋ ይዞ ሦስት ሰው መሃል መግባት ጀግንነት ሳይሆን ሞኝነት ነው። ነገር ግን ሦስቱም ጓደኛው ላይ ሲረባረቡ ኃይላቸውን እየጨረሱ ነበር፤ ጀርባቸው ለቀስት ክፍት ነበር። ያ የቀስተኛ ሰዓት ነው! ደግሞ ሰዓቱ ቢያልፈው እንኳ «አልችልም፣ ወደ ኋላ ሽሽ» የምትለዋ ቃል ምን ታስከፍላለች? ልጁን የጎዳው መደበቁ አይደለም፤ ዝምታው ነው። ጓደኛውም ቢሆን ነጻ አይወጣም። ተጋጣሚ የት እንዳለ ሳያይ ብቻውን ገባ፤ ከዚያ በሰው ፊት ተሳደበ።

እስቲ ድልድዩ የተጠራባቸውን ሰው እናስታውስ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉም ትልቅ ሰው ነበሩ። ሕዝቡ «አባ መላ» ይላቸዋል። በ1909 ዓ.ም. የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጦር ወደ ሸዋ ሲመጣ፣ የወዳጅነት መልእክት እየላኩ አዘናግተው የመሃል አገሩ ጦር እስኪሰበሰብ ድረስ አቆዩት ይባላል። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ሰገሌ ላይ ፊት ለፊት ተዋጉ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያንን እረፍት የነሱት አርበኞቻችንም በደፈጣ መትተው ይሰወሩ ነበር። ማን ነው እነሱን ፈሪ የሚላቸው? መላው ግን የተሠራው በተቃራኒ ወገን ላይ ነው፤ በጎን ባለው ጓድ ላይ አይደለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቀስተኛዋን አትተዋት፤ ሙያህ ነው። በሌላ መንገድ መዞሩን ግን ተው። ጓደኛህ ጠላት አይደለም፤ ከሱ ማድፈጥ ምን ይባላል? ቴክስት አትላክ፤ በሌላ ሰውም አታስልክ። ሱቅ ስትዘጋ ራስህ ሄደህ «ና ሻይ እንጠጣ» በለው። «ዝም ማለቴ ልክ አልነበረም፤ በሰው ፊት መሰደቤ ግን አሞኛል» በለው። ሁለቱንም በል፤ አንዱን ብቻ ካልክ ሌላው ሆድህ ውስጥ ይቀራል። ምናልባት መጀመሪያ ይኮራብህ ይሆናል። ይኩራ! የሁለት ወር ኩርፊያ በአንድ ስኒ ሻይ ባይለቅ በሁለተኛው ይለቃል።

ከዚያ በኋላ እንደገና ስትጫወቱ እሱ ፊት ይግባ፣ አንተ ከኋላው ሁን፤ «አለሁ፣ ከጀርባህ ነኝ» እያልክ ንገረው። ያን ጊዜ ተደብቀህም ቢሆን ጓደኛህ ያለህበትን ያውቃል።

እናንተስ አንባብያን፣ መንገድ ቀይራችሁ የምትሸሹት ጓደኛ አለ? ካለ ነገ በድልድዩ በኩል እለፉ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!