ከሂችኮክና ከትሩፎ መሃል የተቀመጠችው ሴት

ሹክ ልበላችሁ። በፊልም ሙያ ያለን ሰዎች ለጀማሪ ሁሉ የምንመክረው አንድ መጽሐፍ አለ፤ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ አልፍሬድ ሂችኮክን የጠየቀበት። ስንመክር የሁለት ታላላቅ ዳይሬክተሮች ጨዋታ ነው እንላለን። ክፍሉ ውስጥ ግን ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ለእኔ የመጽሐፉ ምስጢር ሦስተኛዋ ዘንድ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1962፣ ሆሊዉድ፣ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ። ሂችኮክ 63 ዓመት በሞላው ዕለት ቴፑ መቅዳት ጀመረ። «ዘ በርድስ» ገና ኤዲቲንግ ላይ ነው። ትሩፎ የ30 ዓመት ወጣት ነው፤ ሦስት ረጅም ፊልሞች ሠርቷል፣ እንግሊዝኛው ግን አያስተማምንም። መሃላቸው የተቀመጠችው ሄለን ስኮት ናት፤ ኒው ዮርክ በሚገኘው የፈረንሳይ ፊልም ቢሮ የምትሠራ። ለአንድ ሳምንት ያህል ጥያቄውም መልሱም በእሷ አንደበት አለፈ። መጽሐፉን ስታነቡ ግን ሁለቱ ፊት ለፊት የተመላለሱ ይመስላል። የሴትዮዋ ስም በተባባሪነት ሰፍሯል፤ ድምፅዋ ተቆርጧል። በቴፑ ላይ የተባለውና የታተመው ቃል በቃል አንድ አይደለም። የፈረንሳይኛው እትም የወጣው በ1966 ነው፤ በአራቱ ዓመታት ውስጥ ጨዋታው ተጠርቧል፣ ተስተካክሏል።

ይህን የምነግራችሁ መጽሐፉን ለማሳነስ አይደለም። አስተርጓሚ ባለበት ቤት ቅኔና ሽንገላ ብዙ አይራመድም፤ ሳይጎድል የሚያልፈው የሚጨበጥ ነገር ነው። ወሬው ሁሉ ስለ አምፖል፣ ስለ ደረጃ፣ ስለ ሰከንድ የሆነው ለዚህም ይመስለኛል። በ«ሰስፒሽን» ኬሪ ግራንት ይዞት ደረጃ የሚወጣው የወተት ብርጭቆ ዐይናችንን አስሮ የሚይዘው ለምንድን ነው? ሂችኮክ ወተቱ ውስጥ መብራት አስገብቶበት ነው። «ቨርቲጎ» ላይ ሲያዩት ጭንቅላት የሚያዞረው ደረጃ በጎኑ የተጋደመ ሞዴል ነው፤ ካሜራው ወደ ኋላ ሲሸሽ ሌንሱ ወደ ፊት ይስባል። የ«ሳይኮ» የሻወር ትዕይንት 45 ሰከንድ ነው፤ ቀረጻው ሰባት ቀን ፈጅቷል፣ ካሜራው 70 ጊዜ ቦታ ቀይሯል። ካሜራ ይዞ ለሚያድር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም።

ትሩፎ አድናቂ ነው፤ የመጣውም ሂችኮክን እንደ ተራ አዝናኝ ብቻ የሚያዩትን የአሜሪካ ሐያስያን አስተያየት ለመለወጥ ነው። ቢሆንም አያባብልም። «ሳቦታጅ» ላይ ሕፃኑ ቦምብ እንደያዘ አውቶቡስ ውስጥ የሚሞትበት ቦታ ሲነሣ፣ ሕፃን መግደል በፊልም ኃይል ያለ አግባብ ለመጠቀም የቀረበ ነው ሲል ይከራከራል፤ ሽማግሌውም ስሕተቱን ይቀበላል። እኔ ይህን ገጽ ደጋግሜ አነበዋለሁ። ታላቅን ማክበርና እውነቱን መንገር አብረው ሲሄዱ እዚህ ታያላችሁ።

አሁን ደግሞ ሱቅ ውስጥ የማይነገራችሁን ልንገራችሁ። ከገጽ አንድ አትጀምሩ። አንድ ፊልም መርጣችሁ እዩ፣ ስለ እሱ የተባለውን አንብቡ፣ መልሳችሁ እዩ። ስትገዙ ሂችኮክ በ1980 ከሞተ በኋላ ትሩፎ የጨመረው የመጨረሻ ምዕራፍ መኖሩን አረጋግጡ፤ ስለ ሽማግሌው የመጨረሻ ዓመታት የጻፈው እዚያ ነው። እሱ ራሱም ብዙ አልቆየም፤ በ1984 በ52 ዓመቱ አረፈ። በስልክ ከሚዘዋወረው ደብዛዛ ቅጂ ይልቅ የታተመውን ፈልጉ፤ ትዕይንቶቹ ሾት በሾት በፎቶ ተደርድረዋልና ፎቶው ካልታየ ግማሹ ትምህርት ይቀራል።

ቴፑም ቢሆን ተደብቆ አልቀረም፤ የፈረንሳይ ሬዲዮ በተከታታይ ክፍሎች አሰራጭቶታል። መጽሐፉን ከጨረሳችሁ በኋላ እሱን አድምጡና ሄለን ስኮት በሁለት ቋንቋ ስትሠራ ስሟት።