ዚፑ ኪሎ አይቀንስም

ስለ ልብስ ማመቂያ ከረጢት የሚነገረው እምነት በአጭሩ ይህ ነው፦ ልብሱን ካመቁት ሻንጣው ይቀላል፤ ሻንጣው ከቀለለ ደግሞ ጭነት ማስገባት ቀርቶ በእጅ ሻንጣ ብቻ የትም መሄድ ይቻላል። እምነቱ ከሜዳ አልተነሳም። ከረጢቱ ሁለት ዚፕ አለው። አንዱ እንደማንኛውም ቦርሳ አፉን ይዘጋል። ሌላው በወገቡ ዙሪያ ይሄዳል፤ እሱን እየተጫኑ ሲዘጉት ጨርቁ ይሸበሸባል፣ አየሩ በስፌቱ በኩል ይወጣል፣ አብጦ የነበረው የሸሚዝ ክምር ጠፍጠፍ ብሎ ይቀራል። ይህን ያየ ሰው «ሻንጣዬ ቀለለ» ቢል አይፈረድበትም፤ ዓይን ክብደት አይለካም። ከአዲስ አበባ የሚነሳውን መንገደኛ ካውንተሩ ላይ የሚጠብቀው ግን ሚዛን ነው።

ከከረጢቱ የሚወጣው ነገር ምን እንደሆነ እንይ። የጥጥ ክር ራሱ ከውኃ ይከብዳል፤ ክፍተት የሌለው አንድ ሊትር ጥጥ ቢገኝ 1.5 ኪሎ ገደማ በመዘነ ነበር። ታጥፎ የተቀመጠ ቲሸርት ግን አንድ ሊትር ያህል ቦታ ይዞ ሁለት መቶ ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። ልዩነቱ በክሮቹ መካከል ያለው አየር ነው። ማመቂያው የሚያስወጣው ይህንኑ አየር ብቻ ሲሆን፣ አንድ ሊትር አየር የሚመዝነው 1.2 ግራም ገደማ ነው። አሥር ሊትር አየር ቢወጣ 12 ግራም መሆኑ ነው፤ እሱም ቢሆን ሚዛኑ ራሱ አየር ውስጥ ስለተቀመጠ አይታይበትም። ከረጢቱ በበኩሉ እንደ መጠኑና እንደ ጨርቁ ከ70 እስከ 150 ግራም ይመዝናል። ሦስት ከረጢት የገባበት ሻንጣ እንግዲህ ጭራሽ ከበፊቱ ከብዷል። አንድ ኪሎ ጥጥና አንድ ኪሎ ብረት የቱ ይከብዳል እየተባለ ልጆች የሚፈተኑበት ጥያቄ እዚህ ላይ ትልልቅ ሰዎችን ይጥላል።

ስሌቱን ወደ መንገዱ እናምጣው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቅደው አንድ የእጅ ሻንጣ ነው፤ ክብደቱ 7 ኪሎ፣ መጠኑ 55 በ40 በ23 ሴንቲሜትር። ኤሚሬትስም 7 ኪሎ ላይ ያቆማል፤ ሉፍታንዛ 8 ኪሎ ይፈቅዳል። ሦስቱን ልኬቶች ብናባዛቸው 50 ሊትር ገደማ ይመጣል፤ ጎማው፣ እጀታውና ግድግዳው የሚወስዱት ሲቀነስ ለዕቃ የሚተርፈው ቢበዛ 40 ሊትር ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው ባለጎማ ሻንጣ ባዶውን 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ለ40 ሊትር ቦታ የቀረው 4 ኪሎ ነው፤ በሊትር መቶ ግራም ይደርሰዋል ማለት ነው። ምንም ሳይታመቅ ታጥፎ የተቀመጠ የጥጥ ልብስ ደግሞ በሊትር ከዚህ በላይ ይመዝናል። ሻንጣው ገና ቦታ እያለው ኪሎው ያልቃል። እንዲህ ላለው መንገደኛ ማመቂያ ከረጢት መግዛት በተትረፈረፈው ላይ መጨመር ነው፤ የጎደለው ኪሎ እንደጎደለ ይቀራል። ይባስ ብሎ የተገኘው ቦታ ባዶውን አያድርም፤ አንድ ጂንስ ይገባበታል፣ አንድ ጂንስ ደግሞ ግማሽ ኪሎን ያልፋል።

«እና ማን ይመዝናል?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አነጋገሩም መሠረት አለው። በብዙ በረራ የእጅ ሻንጣ ሳይመዘን ያልፋል። የአሜሪካዎቹ ዴልታና ዩናይትድ ለእጅ ሻንጣ በአብዛኛው መጠን እንጂ ኪሎ አይወስኑም፤ ከዋሺንግተን አትላንታ ለሚበር ሰው የሚያጥረው በእርግጥም ቦታ ነው። አውሮፓ ውስጥ በራያንኤር ለሚጓዝ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ በነፃ የሚፈቀደው ከመቀመጫ ሥር የምትገባ 40 በ30 በ20 ሴንቲሜትር ቦርሳ ናት፤ ማለትም 24 ሊትር። በዚያች ውስጥ የአራት ቀን ልብስ ለመክተት ለሚታገል ሰው ማመቂያው የተከፈለበትን ዋጋ ይመልሳል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የትኛው ደንብ ቀድሞ እንደሚያጠብቅ ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው ለሮምና ለበርሊን መንገደኛ የተጻፈ ምክር ሳይመረመር ለቦሌ መንገደኛ ሲሸጥ ነው። ሲሄዱ ያልተመዘነ ሻንጣ ሲመለሱ ሊመዘን እንደሚችልም አይረሳ፤ በአንድ ጉዞ ሁለት አየር መንገድ የሚቀያይር ሰው ጠበቅ ያለውን ደንብ ይዞ ቢያሰናዳ ይሻለዋል።

ቦታው ራሱ ለሚያጥረው ሰውም ቢሆን ማመቂያው በሁሉም ልብስ ላይ እኩል አይሠራም። ላባ የተሞላ የክረምት ጃኬት፣ ሹራብና ፎጣ ብዙ አየር ስለሚይዙ በደንብ ይታመቃሉ። ጂንስ ሲሸመንም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብዙም አይቀንስም፤ ጫማ ጨርሶ አይነካም። ከመጠን በላይ የተጠቀጠቀ ከረጢት ደግሞ መሃሉ ያብጥና ጠርዙ ይሳሳል፤ ሻንጣው አራት ማዕዘን ስለሆነ በዚህ የተነሳ በየጥጉ ቦታ ይባክናል። መጠቅለል ከማጠፍ ያነሰ ቦታ ይይዛል የሚባለውም ቢሆን ጨርቁን አያሳንሰውም፤ ጥቅሙ ሹል የእጥፋት መስመር እንዳይወጣ ማድረጉ ነው።

ከሁሉም የሚገርመው ከረጢቱ ልብስ እንዳይጨማደድ ያደርጋል የሚለው ነው። ጥጥ እርጥበትና ጫና ሲያገኝ በክሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ትስስሮች ይላቀቁና በታጠፉበት ቅርጽ መልሰው ይያያዛሉ፤ ካውያም የሚሠራው በዚሁ ባሕርይ ነው፣ ልዩነቱ እሱ ዘርግቶ መያዙ ነው። ሱፍ ከተሰቀለ በኋላ ራሱን ያቃናል፤ ጥጥና ተልባ ግን አያቃኑም። የሀበሻ ቀሚስ ላይ ነገሩ ይብሳል፦ ጥልፉ ያረፈበት ጨርቅ ይወፍራል፣ አጠገቡ ያለው ሸማ ሳስቶ ይቀራል፤ ሁለቱ አብረው ሲጨመቁ ስሱ ጨርቅ በወፍራሙ ጠርዝ ዙሪያ ይሰበሰባል። ለሠርግ የተያዘ ቀሚስ ከማመቂያው ውጭ፣ ከሁሉም በላይ ተዘርግቶ ቢቀመጥ ይሻላል። አራት ድርቡ ጋቢ በበኩሉ ቁመቱን ይቀንስ ይሆናል፣ ኪሎውን ግን አይለቅም። በደንብ ሳይደርቅ የታመቀ ልብስም አየር ስለማያገኝ ይሸታል፣ ውሎ ሲያድርም ይሻግታል።

ልብሱ ሁሉ ቢገባ እንኳ «በእጅ ሻንጣ ብቻ» የሚለውን ዕቅድ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ልብስ አይደለም። ቅቤና ማር በፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠሩ የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ ይይዛቸዋል። ወደ አሜሪካ በሚገቡ በረራዎች ደግሞ ከሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ350 ሚሊ ሊትር የበለጠ ዱቄት መሰል ነገር በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ አለበት፤ ምንነቱን ማረጋገጥ ካልተቻለ ካቢን አይገባም። በርበሬና ሽሮ እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሄድ ሰው ቋንጣውንና ቅቤውን ጭነት ቢያስገባቸውም እንኳ ሕጉ አይፈቅድለትም። ለዘመድ የሚላከውን ይዞ የሚሄድ ሰው ሸሚዙን ቢያምቅ ባያምቅ ጭነት ማስገባቱ አይቀርለትም። በአገር ውስጥ በረራ የሚሠሩት ኪው 400 አውሮፕላኖች ላይም የራስጌው ማስቀመጫ ጠባብ ስለሆነ ባለጎማው ሻንጣ በሩ ላይ ተወስዶ ከታች ሊጫን ይችላል። ፓወር ባንክ ከታች አይጫንምና፣ ያኔ ቶሎ የሚወጣበት ኪስ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ከሦስተኛው ከረጢት ሥር ከተቀበረ በሰልፉ ፊት ሻንጣ መበርበር ሊመጣ ነው።

የከረጢቱ ወዳጆች የመጨረሻ መከራከሪያ ሥርዓት ነው፦ ካልሲው ለብቻ፣ የልጁ ልብስ ለብቻ፣ የቆሸሸው ለብቻ። ይህ እውነት ነው፤ ለእኔ ከማመቁም የሚበልጠው ጥቅም ይኸው ነው። ለዚህ ግን ሁለተኛው ዚፕ አያስፈልግም፤ ቀላሉ ባለአንድ ዚፕ ከረጢት፣ ካስፈለገም ንጹሕ ፌስታል ይበቃል። ኪሎ መቀነስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚመዝነው ባዶውን ሻንጣ ነው። 3 ኪሎ የሚመዝነውን ባለጎማ በ1 ኪሎ የጨርቅ ቦርሳ ቢቀይር ሁለት ኪሎ ያተርፋል፤ ይህ የአሥር ቲሸርት ክብደት ነው። ከባዱን ጫማና ጃኬት ለብሶ ቢሳፈር ደግሞ ሌላ ከአንድ ኪሎ በላይ ከሚዛኑ ይወርዳል።