የበዓላትን ቀን የምታንቀሳቅሰው ጨረቃ፦ ከጨፋ ሮቢት ሰማይ እስከ ሩቅ ፕላኔቶች

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በጨፋ ሜዳ ላይ በምትገኘው ጨፋ ሮቢት ከተማ፣ የረመዳን ጾም ሃያ ዘጠነኛ ቀን ሲመሽ የነዋሪው ዓይን ወደ ምዕራብ ያቀናል። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ከገባች በኋላ ቀጭኗ ጨረቃ ከታየች ጾሙ ይፈታል፤ ካልታየች ወሩ ሠላሳ ቀን ይሞላል። በዚያች ምሽት ምእመናኑ ብቻ ሳይሆኑ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አንድ ጥያቄ ይዘው ያመሻሉ። ነገ የሥራ ቀን ነው ወይስ በዓል?

የዒድ አልፈጥር በዓል በየዓመቱ ቀኑን የሚለውጠው ለምንድን ነው? የትንሣኤ በዓልም እንዲሁ ቀኑ የማይጸናው በምን ምክንያት ነው? ሁለቱም ጥያቄዎች የሚመለሱት ምድር ብቸኛ በሆነችው ጨረቃዋ ምክንያት በምትቆጥረው ጊዜና ፀሐይን በመዞር በምትቆጥረው ጊዜ መካከል ባለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ በዓመት 11 ቀናት ገደማ ነው።

ምድር ፀሐይን አንድ ጊዜ ዞራ ለመጨረስ 365 ቀናት ከሩብ ያህል ይፈጅባታል። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ይህንኑ ተከትሎ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወራትንና አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላትን ጳጉሜን ይዟል። በአንጻሩ ጨረቃ ከአንዱ ልደቷ እስከ ቀጣዩ ልደቷ ድረስ የሚወስደው ጊዜ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት ሲደመሩ 354 ቀናት ይሆናሉ። ስለዚህ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀናት ያህል ያንሳል።

የሂጅራ አቆጣጠር ሙሉ በሙሉ በጨረቃ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በዓላቱ በየዓመቱ በዚሁ መጠን ወደ ኋላ ይመለሳሉ። የቅርብ ዓመታትን ብቻ ብንወስድ የዒድ አልፈጥር በዓል በኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም ሚያዝያ 13 ቀን፣ በ2016 ዓ.ም ሚያዝያ 2 ቀን፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ መጋቢት 21 ቀን ተከብሯል። በእያንዳንዱ መካከል ያለው ልዩነት በትክክል 11 ቀን ነው። በዚህ አኳኋን በዓሉ በጋውንም ክረምቱንም አዳርሶ ወደ ተነሣበት ወቅት የሚመለሰው በ33 ዓመት ገደማ ነው።

ይኸው 11 ቁጥር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የባሕረ ሐሳብ ስሌት ውስጥም ይገኛል። ሊቃውንቱ የዓመቱን አበቅቴ ለማግኘት ወንበር የሚባለውን ቁጥር በ11 አባዝተው ለሠላሳ ይገድፋሉ። አሥራ አንዱ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ትርፍ ነው። ለአብነት ያህል 2017 ዓ.ም ሲሰላ 5500 ተደምሮበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህም ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ ከእርሱ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። አሥራ አንድ በአሥራ አንድ ተባዝቶ 121 ሲሆን፣ ለሠላሳ ተገድፎ የሚቀረው 1 የዓመቱ አበቅቴ ነው። መጥቅዑ ደግሞ ሠላሳን የሚሞላው 29 ነው። ከዚህ ተነሥቶ በተሠራው ስሌት መሠረት የዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ውሏል።

ትንሣኤ እንደ ዒድ ዓመቱን ሙሉ የማይዞረው በ19 ዓመቱ ዐውደ ቀመር ምክንያት ነው። አሥራ ዘጠኝ የፀሐይ ዓመታትና 235 የጨረቃ ወራት ርዝመታቸው እኩል ለማለት ይቻላል። ባሕረ ሐሳብ ይህን በመጠቀም ጨረቃንና ፀሐይን ስለሚያስታርቅ በዓሉ ከመጋቢት 26 ቀን በፊት፣ ከሚያዝያ 30 ቀን በኋላ አይውልም። ስለዚህ ሁለቱም ሃይማኖቶች የሚቆጥሩት አንዲቱን ጨረቃ ነው። ልዩነቱ ባሕረ ሐሳብ ትርፉን 11 ቀን ከፀሐይ ዓመት ጋር እያስማማ ሲሄድ፣ የሂጅራ አቆጣጠር የጨረቃን ወራት ሳይነካ እንዳሉ መቁጠሩ ነው።

ይህ ዝምድና በቋንቋም ውስጥ ይታያል። በግዕዝ «ወርኅ» ማለት ጨረቃም ወርም ነው፤ የአማርኛው «ወር» ከዚሁ የተገኘ ነው። በዞኑ በስፋት በሚነገረው በአፋን ኦሮሞም «ጂአ» የሚለው ቃል ጨረቃንም ወርንም ያመለክታል። በቦረና ኦሮሞ ዘንድ አያንቱ የሚባሉ የዘመን ዐዋቂዎች ወራትን የሚለዩት ጨረቃንና ከዋክብትን አብረው በመመልከት ነው።

ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም። ሁልጊዜም ግማሽ ገጿ በፀሐይ ይበራል፤ በምድር ላይ ያለው ተመልካች ግን ከበራው ገጽ የሚያየው እንደ ቆመበት አቅጣጫ ነው። ጨረቃ በምድርና በፀሐይ መካከል ስትሆን የበራው ገጿ ወደ ፀሐይ ስለሚዞር ከቶ አትታይም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከፀሐይ በ12 ዲግሪ ያህል እየራቀች ትሄዳለች። የመጀመሪያው ቀጭን ብርሃን በዓይን እንዲታይ ከፀሐይ በቂ ርቀት ሊኖራት፣ ሰማዩም በበቂ ሁኔታ ሊጨልም ይገባል።

አንዱ አገር ያያትን ጨረቃ ሌላው ሳያያት የሚያመሸውም በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ምዕራብ በተሄደ መጠን ፀሐይ ዘግይታ ስለምትጠልቅ ጨረቃዋ ከፀሐይ ለመራቅ ተጨማሪ ጊዜ ታገኛለች። በመሆኑም በምሥራቅ ያልታየችው ጨረቃ በዚያው ምሽት በምዕራብ ልትታይ ትችላለች። ደመናና አቧራም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

የጨፋ ሜዳ አቀማመጥ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የቦርከና ወንዝ ሸለቆ ሲሆን፣ በስተምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ከፍ ብሎ ይታያል። ሰማዩ አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። ከፀሐይ በአሥር ዲግሪ የራቀች ጨረቃ ሜዳማ በሆነ አድማስ ላይ ከፀሐይ በኋላ 40 ደቂቃ ያህል ትቆያለች። ተራራው ከአድማሱ አምስት ዲግሪ ያህል ከሸፈነ ግን ከዚህ ጊዜ ግማሹ ይጠፋል። የሚጠፋውም ሰማዩ ጨልሞ ጨረቃዋ ጎልታ የምትወጣበት የመጨረሻው ክፍል ነው። በሸለቆው ያለው ሰው ሳያያት፣ በደጋው ጫፍ ላይ የቆመው ሊያያት የሚችለው ስለዚህ ነው።

በዚያች ሰዓት በምዕራብ ሰማይ የሚታየው ብርሃን ሁሉ ጨረቃ ወይም ኮከብ ነው ማለት አይደለም። ከለጋዋ ጨረቃ አጠገብ አንዳንድ ጊዜ ደምቃ የምትታየው ቬኑስ ፕላኔት ናት። ሕዝቡ ንጋት ላይ በምሥራቅ ሲያያት የአጥቢያ ኮከብ ይላታል። የቀድሞ የአገራችን ሊቃውንት ፕላኔቶችን የሚጠሩባቸው አጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪና ዙሐል የተባሉት ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። በቅደም ተከተል ሜርኩሪን፣ ቬኑስን፣ ማርስን፣ ጁፒተርንና ሳተርንን ያመለክታሉ። እነዚህ አምስቱ ያለ መሣሪያ በዓይን ይታያሉ። ምድር፣ ዩራነስና ኔፕቱን ሲጨመሩ የሥርዓተ ፀሐይ ፕላኔቶች ስምንት ይሆናሉ። ዘጠነኛ ይባል የነበረው ፕሉቶ ከነሐሴ 18 ቀን 1998 ዓ.ም ጀምሮ ድንክ ፕላኔት ተብሎ ተመድቧል።

ከስምንቱ መካከል አንዲት ጨረቃ ብቻ ያላት ምድር ናት። ሜርኩሪና ቬኑስ ጨረቃ የላቸውም። ማርስ ሁለት ትናንሽ ጨረቃዎች አሏት። የጁፒተር ጨረቃዎች ከ95 ይበልጣሉ። ሳተርን በ2017 ዓ.ም 128 አዳዲስ ጨረቃዎች ከተመዘገቡላት በኋላ ቁጥራቸው 274 በመድረሱ ቀዳሚውን ስፍራ ይዛለች።

ጨረቃችን ብቸኛ ብትሆንም በመጠን ትንሽ አይደለችም። ወርዷ 3ሺህ 474 ኪሎ ሜትር ሲሆን የምድርን ሩብ ይበልጣል። በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ በትልቅነት የሚበልጧት የጁፒተሮቹ ጋኒሜድ፣ ካሊስቶና አይኦ እንዲሁም የሳተርኗ ታይታን ብቻ ናቸው። ከምድር ያላት አማካይ ርቀት 384 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሰው የረገጣትም እርሷን ብቻ ነው።

ለዘመን ቆጠራ ያላት ምቹነት ይበልጥ ግልጽ የሚሆነው ከሌሎች ፕላኔቶች ጨረቃዎች ጋር ስትነጻጸር ነው። የማርስ ጨረቃ ፎቦስ ፕላኔቷን በ7 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ስለምትዞር በማርስ ሰማይ ላይ በምዕራብ ወጥታ በምሥራቅ ትጠልቃለች። ወሯ ከአንድ ቀን ያጠረ ነው። በጁፒተር ደግሞ ጋሊልዮ በ1602 ዓ.ም በመነጽር ያገኛቸው አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎች የየራሳቸው ፍጥነት አላቸው። አይኦ ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ዙሯን ስትጨርስ ካሊስቶ ግን 17 ቀን ያህል ይፈጅባታል። በዚያ «ወር መቼ ጀመረ?» ለሚል ጥያቄ አራት የተለያዩ መልሶች ይኖራሉ። ምድር ግን አንዲት፣ ትልቅና በዝግታ የምትዞር ጨረቃ ስላላት እረኛውም ሊቁም ሰማዩን በዓይኑ ተመልክቶ ወሩን ለመቁጠር ችሏል።

ጨረቃና ፀሐይ ከምድር ሲታዩ እኩል የሚመስሉትም በአጋጣሚ ነው። ፀሐይ በወርድ ጨረቃን 400 ጊዜ ያህል ትበልጣለች፤ ርቀቷም እንደዚሁ 400 ጊዜ ያህል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም በላሊበላና በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች ቀለበት የመሰለ የፀሐይ ግርዶሽ የታየው ጨረቃ በዚያን ቀን ከምድር ራቅ ብላ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን ስላልቻለች ነበር። የፀሐይ ግርዶሽ ሊከሰት የሚችለው የጨረቃ ወር በሚያልቅበት ጊዜ ብቻ ነው። በዚያም ዓመት በግርዶሹ ማግሥት በሂጅራ አቆጣጠር አዲስ ወር ገብቷል።

ኢትዮጵያም ሰማይን በዘመናዊ መንገድ ለማጥናት ጥረት አድርጋለች። በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ወርድ መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የመጀመሪያዋ የአገሪቱ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና ወደ ሕዋ መጥቃለች። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለአገሮች በሰጠው ዕድል መሠረት ኢትዮጵያ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ የሚገኙ አንድ ኮከብና ፕላኔቱን «ቡና» እና «አቦል» ብላ ሰይማለች።

የጨረቃን ጉዞ በስሌት ማወቅ ለመሥሪያ ቤቶች ዕቅድ ቀጥተኛ ጥቅም አለው። ዒድ አልፈጥር ከሁለት ተከታታይ ቀናት በአንዱ እንደሚውል ከዓመታት በፊት ማወቅ ይቻላል። የማይታወቀው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ነው። ዒድ አልአድሐ ወይም አረፋ ግን የሚከበረው ወሩ በገባ በአሥረኛው ቀን፣ መውሊድም በአሥራ ሁለተኛው ቀን በመሆኑ፣ ወሩን የምታስገባው ጨረቃ ከታየች በኋላ ቀኑ ቀድሞ ይታወቃል። በዋዜማው ምሽት ብቻ የሚለየው ዒድ አልፈጥር ነው። ስለዚህ ስብሰባ፣ የፈተና ፕሮግራም ወይም የክፍያ ቀን የሚወስን ኃላፊ በዚህ በዓል ዙሪያ አንድ ሳይሆን ሁለት ቀናትን ክፍት ቢያደርግ ከመጨረሻ ሰዓት ለውጥ ይድናል።

ቀኑን የመወሰንና የማሳወቅ ሥልጣን የሃይማኖቱ መሪዎች ነው። በአገር አቀፍ ደረጃም የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ያሳውቃል። ሳይንሱ የሚያስረዳው ጨረቃዋ የት እንደምትሆንና ለመታየት ምን ያህል ዕድል እንዳላት ነው። በጨፋ ሮቢት ያለው ተመልካች በዚያች ምሽት ከምዕራቡ ተራራ በላይ ሊያያት የሚጠብቃት ጨረቃ፣ የባሕረ ሐሳቡ ሊቅም በአበቅቴና በመጥቅዕ የሚቆጥራት ያችው ናት።