የክረምት የቤተሰብ ዕረፍት በላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ፤ ከጉዞ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የትምህርት ቤቶች መዘጋትና የአዲሱ የበጀት ዓመት መጀመር በሐምሌ ወር መገጣጠማቸው የመንግሥት ሠራተኛው ከልጆቹ ጋር ዕረፍት የሚወጣበትን ጊዜ ያጠበዋል። በፋይናንስና በዕቅድ ክፍሎች የሚሠሩ ባለሙያዎች ሐምሌን በሒሳብ መዝጊያ ሥራ ስለሚያሳልፉ ፈቃዳቸው ወደ ነሐሴ መገፋቱ የተለመደ ነው። የፍልሰታን ጾም የሚጠብቁ ቤተሰቦች ደግሞ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ያለውን ጊዜ ይመርጣሉ። ይህ ወቅት የደንብ ልብስና የደብተር ወጪ የሚደራረብበት በመሆኑ የጉዞውን ገንዘብ ከሚያዝያ ጀምሮ በየወሩ ማስቀመጥ፣ የዓመት ፈቃድ ፕሮግራም ሲወጣም ቀኑን ቀድሞ ማስያዝ ይበጃል።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው በመሆኑ በክረምትም ከደጋው ይሞቃል፤ ዝናቡም ያነሰ ነው። የባሕር ዳርቻ በሌላት አገራችን ቤተሰቦች ይህንን አሸዋማ ዳርቻ ለዓመታት የመረጡት ግን ለአየሩ ብቻ አይደለም። ላንጋኖ ከቢልሃርዝያ ነፃ በመሆኑ ይታወቃል። በሽታውን የሚያመጣው ተውሳክ ከውኃ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት የሚገባ ሲሆን፣ በዚያው መስመር በሚገኙት የዝዋይና የሐዋሳ ሐይቆች እንደሚተላለፍ በጥናት ተረጋግጧል። በመሆኑም ለምሳ በባቱ (ዝዋይ) የሚቆሙ መንገደኞች ልጆቻቸው እግራቸውን እንኳ ወደ ሐይቁ እንዳያስገቡ መጠንቀቅ ይኖርባቸዋል።

የላንጋኖ ውኃ ደቃቅ ደለል የተንሳፈፈበት በመሆኑ ቡናማ ነው። ቀለሙን ቆሻሻ መስሏቸው የሚሸሹ ጎብኚዎች አሉ፤ ሊያሳስብ የሚገባው ግን ሌላ ነው። ጥልቀቱ ወገብ በማይሞላ ሥፍራ እንኳ የሰጠመ ልጅ ከላይ ለሚመለከት ሰው አይታይም። የሚሰጥም ሕፃን ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ፊልሙ አይጮኽም፣ እጁንም አያወናጭፍም፤ ድምፅ ሳያሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በዳርቻው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ልጆችን ማየት ጥበቃ ሊባል አይችልም። አንድ ዐዋቂ ስልኩን አስቀምጦ፣ መጠጥም ሳይቀምስ፣ እጁ በሚደርስበት ርቀት አብሯቸው ውኃ ውስጥ መሆን አለበት። አጎት፣ አክስትና ጎረቤት ተሰባስበው በሚሄዱበት ጉዞ አደጋው ይብሳል፤ ሁሉም ሌላው ያያል ብሎ ይዘናጋልና። ተረኛን በስም መመደብ፣ በየግማሽ ሰዓቱም መቀያየር ቀላሉ መፍትሔ ነው። በአየር የሚነፉ መንሳፈፊያዎች አስተማማኝ አይደሉም፤ ነፋስ ወደ መሐል ሊወስዳቸው ይችላል፤ ሐይቁም በአንዳንድ ሥፍራ ከ40 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ስለሚበረታ የሕፃናት ዋና በጠዋት ቢሆን ይመረጣል።

ማረፊያ ሲያዝ የተነገረው ዋጋ የአገልግሎት ክፍያንና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትት እንደሆነ፣ ልጆች እንዴት እንደሚታሰቡ፣ የዋና ጠባቂና አጎበር መኖሩንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ በሥራ ቀናት መሄድ ከግርግር ያድናል። የሐይቁ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ለመጠጥም ሆነ ለምግብ ማብሰያ አይሆንም።

አካባቢው ወባማ ነው። የበሽታው ምልክት ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሊታይ ስለሚችል፣ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የያዘው የቤተሰብ አባል በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ፣ ላንጋኖ ደርሶ መምጣቱን ለሐኪሙ መናገር ይኖርበታል።