ልጓሙን የፈታው ገብስ

እ.ኤ.አ. በ2022 የቻይና ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት ያወጡት ጥናት የስንዴ አዳቃዮችን ቀልብ ስቧል። ቅጠሉን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለውን የፈንገስ በሽታ የሚቋቋም፣ ምርቱም የማይቀንስ ስንዴ አግኝተዋል። የስንዴው ብርታት የመጣው አዲስ ዘረመል ተጨምሮለት ሳይሆን ኤምኤልኦ የተባለው ዘረመል ሥራ በማቆሙ ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ የተከተለ ሰው የኢትዮጵያ ገብስ ማሳ ላይ ይደርሳል።

ተክል በሰውነቱ እየተዘዋወረ የሚጠብቀው ነጭ የደም ሴል የለውም፤ እያንዳንዱ ሴል ራሱን ይጠብቃል። በሴሉ ገጽ ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች የጠላትን ኮቴ ያዳምጣሉ። ኤፍኤልኤስ2 የተባለው ለምሳሌ ባክቴሪያ የሚዋኝበትን ጅራት ፕሮቲን ለይቶ ያውቃል። ይህን አልፎ የገባ ተዋሲያን ሴሉ ውስጥ ሌላ ዘበኛ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የቻይና ሳይንቲስቶች ዛር1 የተባለው የውስጥ ዘበኛ ሲነቃ አምስት ሆኖ እንደ ጎማ እንደሚገጣጠም በምስል አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ጎማ በሴሉ ሽፋን ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ካልሲየም እንደሚያስገባ ታወቀ። ካልሲየሙ ሲጎርፍ የተጠቃው ሴል ይሞታል፤ ተክሉ ይተርፋል።

ኤስአር35 የተባለው የስንዴ ዘበኛም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ዩጂ99 የተባለውን የግንድ ዋግ የሚመክተውም በዚሁ መንገድ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድን የመሰሉ ሆርሞኖች ደግሞ ባልተነኩት ቅጠሎችም መከላከያው እንዲነቃ ያግዛሉ።

ይህ ሁሉ ኃይል ካልተገታ ባለቤቱን ይጎዳል። መከላከያው ያለ ጠላት የሚነሳበት ተክል ይቀጭጫል፣ ቅጠሉም በሞቱ ነጠብጣቦች ይዥጎረጎራል። በዘበኛ ብቻ መተማመንም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 በባሌና በአርሲ የደረሰው ይኸው ነው፦ ዩጂ99ን ይቋቋም የነበረው ዲገሉ ስንዴ በሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ ተመታ።

ገብሱ የተለየ መንገድ ይዟል። ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1942 በኤክስሬይ ሚውቴሽን ኤምኤልኦው የማይሠራ ገብስ አገኙ። ይሁን እንጂ በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ የገበሬ ገብሶች ውስጥ ተፈጥሮ ያንኑ ቀድማ ሠርታው ኖሯል። ኤምኤልኦ-11 የተባለው ይህ የኢትዮጵያ ቅርጽ ከ1979 ጀምሮ በአውሮፓ ዝርያዎች ውስጥ ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ጸንቷል። ብዙ የዘበኛ ዘረመሎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሸነፉበት ዓለም ይህ ብርቅ ነው።

ዘረመሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ከታወቀ ወዲህ ክርክሩ አልቆመም። ኤምኤልኦ የመከላከያ ልጓም ነው ወይስ ፈንገሱ የሚገባበት በር? ለሁለቱም ወገን ማስረጃ አለ። የልጓሙ አሳብ ግን አንድ ነገር በደንብ ያስረዳል፦ ኤምኤልኦ የሌለው ገብስ ቅጠሉ ያለ በሽታም ይዥጎረጎራል፣ ምርቱም ሊቀንስ ይችላል። የ2022ቱ ስንዴ ከዚህ ዕዳ ያመለጠው በዘረመሉ አጠገብ ሰፊ የዲኤንኤ ክፍል ተቆርጦ ጎረቤቱ የስኳር አጓጓዥ ዘረመል ስለነቃ ነው።

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የዘር ባንክ አላት። በየደጋው ማሳ ያሉት የገበሬ ገብሶች ግን በተሻሻለ ዘር ከመተካታቸው በፊት ናሙናቸው ይሰብሰብ፤ በባንኩ ያሉትም በመደርደሪያ ብቻ አይቀመጡ፣ ዘረመላቸው በአገር ልጆች ይመርመር።